ከድስቱ አንድ ሲኒ፦ አዲስ ጣዕም ሳይፈሩ ለመሞከር

ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራ ሰው አዲስ ነገር ከመሞከር ወደኋላ የሚለው ሙያ አጥቶ አይደለም፤ የሚያስፈራው ድስቱ ነው። ሽንኩርቱ በዛሬ ዋጋ ተገዝቶ፣ ዘይቱ ፈሶ፣ ቤተሰቡ ትሪ ከቦ ቁጭ ብሎ "ዛሬ ምን ጨመርሽበት?" መባልን ማን ይወዳል? ስለዚህ ሙከራውን አሳንሱት። ድስቱን ሳትነኩ አንድ የቡና ሲኒ ወጥ ቀንሱና አዲሱን ነገር በሲኒው ላይ ሞክሩ። ቢበላሽ የሚደፋው አምስት ማንኪያ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ ወይም በለገጣፎ በሚገኝ ተራ ኩሽና፣ ከሰፈር ጉልትና ከቅመም መደብ በሚገኝ ዕቃ ይሠራል።

እጃችሁ ስንት ይይዛል?

"እጅ መጠን" የሚሠራው እጃቸው የሚይዘውን ለሚያውቁ ነው። በሦስት ጣት ጨው ቆንጥሩና ወደ ሻይ ማንኪያ ጣሉ፤ አናቱ በቢላ ጀርባ ተልጎ እስኪስተካከል ድረስ ስንት ጊዜ እንደቆነጠራችሁ ቁጠሩ። አንዱ ሰው በ6 ይሞላዋል፣ ሌላው በ12። ያንን ቁጥር ካወቃችሁ ማንኪያ ሳትፈልጉ መለካት ትችላላችሁ። በርበሬ የምታወጡበትንም ማንኪያ እንዲሁ ፈትሹት፤ ተከምሮ የወጣ ማንኪያ ከተላገው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ "ዛሬ ለምን አቃጠለ?" የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የሲኒያችሁን ልክ ደግሞ በሾርባ ማንኪያ ውሃ እየሞላችሁ ቁጠሩ። ብዙዎቹ ከ4 እስከ 6 ማንኪያ ይይዛሉ።

የመነሻ ወጥ

አዲሱን ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ ካላወቃችሁ መሞከር ትርጉም የለውም። ለዚህ ከቀይ ምስር ክክ የተሻለ የለም፦ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይበስላል፣ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፣ ቅመምንም ቶሎ ይቀበላል። ለ4 ሰው የሚሆን ልክ ይህ ነው፦ ምስር ክክ 250 ግራም፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት 300 ግራም (መካከለኛ 3 ራስ)፣ ዘይት 5 የሾርባ ማንኪያ፣ በርበሬ 2 የተላገ የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍንካች፣ አውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ 1 ሊትር ገደማ።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አማስሉ፤ ሲደርቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው መጦ ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ዘይቱን ጨምሩና 5 ደቂቃ አቁላሉት። ቀጥሎ በርበሬው ይገባል፤ ወዲያው 3 ማንኪያ ውሃ አከታትሉ። በርበሬ ደረቅ ዘይት ውስጥ ብቻውን ከቀረ በግማሽ ደቂቃ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ምሬት ደግሞ በምንም አይጠፋም። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 10 ደቂቃ አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ፣ ከ2 ደቂቃ በኋላ የታጠበውን ምስርና ሙቅ ውሃውን። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨው በመጨረሻ።

ይህን ወጥ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ፣ ቅንጣት ሳትለውጡ ሥሩት። ይሰለቻል፤ ግን ከሦስተኛው በኋላ ምላሳችሁ ላይ የሚቀረው ጣዕም ከማንኛውም ሚዛን ይበልጣል። የከተማው ዳር ኮንዶሚኒየሞች ላይ ማታ ማታ መብራቱ አቅም ሲያጣ ምድጃው ይደክማል፣ ሽንኩርቱም መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። ወጡ አንድ ቀን ጣፍጦ በሌላው ቀን ለዛ ካጣ ከቅመሙ በፊት እሳቱን ጠርጥሩ። ሙከራ ለቅዳሜ ጠዋት ይሻላል።

ሲኒዎቹ

አምስት ሲኒ ደርድሩና ከሞቀው ወጥ እኩል ጨልፉ። አንደኛው እንዳለ ይቀመጥ፤ መመለሻችሁ እሱ ነው። በሁለተኛው በቢላ ጫፍ ኮረሪማ፣ በሦስተኛው በቢላ ጫፍ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ፣ በአራተኛው ሩብ የሻይ ማንኪያ ሎሚ፣ በአምስተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ ኦቾሎኒ ጨምሩ። ሲኒዎቹን ሙቅ ውሃ በያዘ ሰፊ ድስት ውስጥ አቁሙና ክዳን ደፍታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቅመም እንደገባ የተቀመሰ ወጥ ያታልላል፤ ዱቄቱ ገና ስላልራሰ ሽታው ብቻ ይቀድማል።

የቅመም መዓዛ በአብዛኛው የሚሟሟው በዘይት ነው፤ ውሃ ብዙም አያወጣውም። ኮረሪማና መከለሻ ከላይ ተነስንሰው ይሆናሉ፤ እርድና ከሙን ግን ጥሬያቸውን ወጥ ላይ ከተበተኑ አፈር አፈር ይላሉ። እነሱን በጭልፋ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አግላችሁ ጣሉባቸው፣ 20 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ሽታው ብድግ ሲል ሲኒው ላይ ገልብጡት። ቀለሙ ከጠቆረ አልፏል፤ ድገሙት።

አቀማመሱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ባዶ ማንኪያ ላይ የጣፈጠ ወጥ እንጀራ ላይ ሌላ ይሆናል። እንጀራ ከእርሾው የሚመጣ ኮምጣጣ አለው፤ ጨውም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በማንኪያ "ጨው ልኩ ነው" ያላችሁት በጉርሻ ያንሳል፤ በማንኪያ "ሎሚ ቢኖረው" ያላችሁት በእንጀራ በቂ ሆኖ ይገኛል። ያንኑ ወጥ ሩዝ ወይም ፓስታ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ኮምጣጣው ይጎድለዋል፤ ለ4 ሰው ከግማሽ እስከ አንድ ሎሚ ይፈልጋል። ሁልጊዜ በሚበላበት ነገር ቅመሱ። በርበሬ ያለበትን ከአራት ጊዜ በላይ በተከታታይ አትቅመሱ፤ ምላስ ይደነዝዛል። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ ስለማይሟሟ ውሃ መጠጣት ብዙ አይረዳም፤ አንድ ጉርሻ አይብ ወይም እርጎ ይሻላል፣ በጾም ጊዜ ባዶ እንጀራ።

የወደዳችሁትን ሲኒ ወደ ድስቱ ስታሳድጉ ጥንቃቄ አለ። ድስቱ ውስጥ 12 ሲኒ ከቀረ የሲኒውን ልክ በ12 አባዙ፤ ግን መጀመሪያ ግማሹን ብቻ ጨምሩ። በቢላ ጫፍ የተለካ ነገር ስሕተቱም በ12 ይባዛል፤ ድስቱ ደግሞ እየፈላ ስለሚቆይ የቅመሙን ጣዕም የበለጠ ያወጣል። 10 ደቂቃ አብስሉ፣ ቅመሱ፣ ከዚያ ቀሪውን ወስኑ።

ከሁለት አንዱ የታወቀ ይሁን

ከሲኒ ወደ ሙሉ አዲስ ምግብ ስትሻገሩ ይህን ያዙ፦ ወይ ዋናው ዕቃ የታወቀ ይሁን፣ ወይ አሠራሩ። ሁለቱም እንግዳ ከሆኑ ሲበላሽ ጥፋተኛውን አታገኙትም።

የአበባ ጎመን ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ እንደ ጥቅል ጎመን አልጫ አድርጉት፤ በእርድ፣ በዝንጅብል፣ በቃሪያ። ዝኩኒ እንደ ዱባ ወጥ ይሆናል፤ ውሃው ብዙ ስለሆነ ግን ወጡ ላይ ውሃ አትጨምሩ፣ ከ8 ደቂቃ በላይም አታቆዩት። እንጉዳይ በጥብስ አሠራር በጣም ይሳካል፣ ሰዎች ግን ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታሉ፦ ጨው መጀመሪያ ያደርጋሉ፣ መጥበሻውንም ይሞሉታል። ጨው የነካው እንጉዳይ ውሃውን ባንዴ ይለቃል፣ ከዚያ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። 250 ግራም የተመረተ እንጉዳይ (ከሜዳ የተለቀመ አይደለም፤ መርዛማውን በዓይን መለየት አይቻልም) በእጅ ቀዳዱ፣ መጥበሻውን በደንብ አግሉ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ በሁለት ዙር ጥበሱ፣ ለእያንዳንዱ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። ጠርዙ ሲቀላ ሁለቱን ዙር አንድ ላይ መልሱና ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያ አስከትሉ፤ ጨው ሊወጣ ሲል።

በተቃራኒው ደግሞ የታወቀ እህል በአዲስ ቅመም። ያንኑ 250 ግራም ምስር ክክ ያለ በርበሬ፣ በ1 የሻይ ማንኪያ እርድ ቀቅሉት፤ ሲበስል በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን እስኪንጣጣ፣ ከዚያ 3 ፍንካች የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ወርቃማ እስኪሆን ጠብሳችሁ ከነዘይቱ ገልብጡበት። ሕንዶች በየቀኑ የሚበሉት የምስር ወጥ መሠረቱ ይህ ነው። እኛ ከመከለሻ በቀር አብዛኛውን ቅመም መጀመሪያ ቁሌቱ ላይ እንጨርሳለን፤ እነሱ መጨረሻ ላይም ያደርጉታል። ይህች የጊዜ ልዩነት ብቻ ምግቡን ምን ያህል እንደምትለውጠው ቀምሳችሁ እዩት።

የአዝሙድ ነገር

ከውጭ የመጣ አሠራር ተከትለው ያልተሳካላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት ስም ላይ ነው። ከሙን እና ነጭ አዝሙድ አንድ አይደሉም። ነጭ አዝሙድ ፍሬው ትንሽ፣ ሽታው ወደ ጦስኝ የሚሄድ፣ ኃይለኛ ነው። ከሙን ረዘም ያለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ ሽታው ሞቅ ያለ ነው። አሠራሩ 2 የሻይ ማንኪያ ከሙን ብሎ በምትኩ 2 ማንኪያ ነጭ አዝሙድ ከገባ ምግቡ የሳል መድኃኒት ይመስላል። ጥቁር አዝሙድ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም። ባለ መደቡ "ሁሉም አዝሙድ ነው" ቢል አትቀበሉ፤ መዳፍ ላይ አሽታችሁ አሽትቱ።

ሄልና ኮረሪማም እንዲሁ። ሄል ቀለል ያለ፣ ለሻይና ለኬክ የሚስማማ ነው፤ ኮረሪማ ከበድ ይላል፣ ጣፋጭ ነገር ላይ በግማሽ ልክ ጀምሩ። የኛ በሶብላ ፓስታ ላይ ከሚደረገው የውጭ ቅጠል ዘመዱ ቢሆንም ሽታው ሌላ ነው፤ ለቲማቲም ስጎ ትንሽ ይበቃል። ፓፕሪካ ሲባል ብዙውን ጊዜ የማያቃጥል የበርበሬ ዱቄት ነው። በሱ ፋንታ የቤት በርበሬ ካደረጋችሁ ውስጡ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ብዙ ጊዜም ጨው እንዳለ አትርሱ፤ ከሌላው ቅመምና ከጨው ቀንሱ። ቅቤ ከተባለ ለጋ ወይም የገበታ ቅቤ ነው፤ የተነጠረው ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ይዞ ይገባል። "አንድ ካፕ" 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 16 የሾርባ ማንኪያ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ከዚያ ያንሳል። በቤኪንግ ፓውደር ፋንታ ቤኪንግ ሶዳ ማድረግ ደግሞ ኬኩን ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል።

አዲስ ቅመም ከ50 ግራም በላይ አትግዙ፤ ካልተፈጨው ውሰዱና በሙቀጫ ትንሽ ትንሽ አድቅቁ። ወፍጮ ቤት ለጥቂት ግራም አይሆንም፤ ከፊት ያለፈው በርበሬ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ይቀላቀላል። የዓመቱን ሽሮ በአዲስ ቅመም ለማስፈጨት ካሰባችሁ ደግሞ በርካታ ኪሎ ከመደባለቃችሁ በፊት በቤት ያለ ሽሮ 6 የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ፣ አዲሱን ቅመም በቁንጥር ቀላቅላችሁ፣ በ2 ኩባያ ውሃ አፍሉና ቅመሱ።

ከፍታው

አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ያሉት ከዚህም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚያፈሉት። ባሕር ጠረፍ የተጻፈ አሠራር "ሩዝ 15 ደቂቃ" ካለ እዚህ ከ20 እስከ 25 ይፈልጋል፤ ለአንድ ኩባያ ሩዝም 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨመራል። እሳት ማብዛት ውሃውን ቶሎ ይጨርሰዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም፤ ክዳንና ፕሬዠር ነው መፍትሔው።

ሽምብራና ቦሎቄ ማታ ይዘፍዘፉ። ቲማቲምና ሎሚ ጥራጥሬው ሳይበስል ከገቡ ቆዳው ይጠነክራል፣ ሰዓት ብታቆዩትም አይላላም፤ ሲለሰልስ ብቻ ጨምሩ። ቀይ ቦሎቄ ላይ ግን ቀልድ የለም፦ በደንብ ያልበሰለው ያስመልሳል። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ በኃይለኛ እሳት ቢያንስ 30 ደቂቃ አፍሉ፣ ከዚያ እስኪላላ ድረስ ቀጥሉ። ጥሬውን በለዘዘ ከሰል ላይ ጥዶ ወደ ሥራ መሄድ አይሆንም።

ኬክ ለምትሞክሩ፦ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይጸና መሐሉ ይሰረጉዳል። አሠራሩ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ ሦስት ሩብ አድርጉ፣ ከአንድ ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፣ ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ኦቨኑን 10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ።

ሲበላሽ

የሆነ ነገር ጎደለው ግን ምን እንደሆነ ካልታወቀ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ ቅባት፣ በመጨረሻ ቅመም። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ጨው ያነሰውን ወጥ በኮረሪማ ሊያድን ሲሞክር ያባብሰዋል።

ጨው ከበዛ ድንች መጣል ብዙ አይጠቅምም፤ ድንቹ ጨዋማውን መረቅ ወደ ውስጡ ይስባል፣ የቀረው ግን ያው ነው። ጨው የሌለው ምስር ለብቻው ቀቅላችሁ ቀላቅሉ። አብሽ በዝቶ ከመረረ ቅባት፣ ጨውና ቁንጥር ስኳር ይሸፍኑታል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፉትም። ቲማቲም ከጎመዘዘ ክዳኑን ከፍታችሁ 10 ደቂቃ ተጨማሪ አብስሉ። ሽንኩርቱ ጥሬ ጥሬ ካለ ለብቻው የተቁላላ ሽንኩርት አይመልሰውም፤ ወጡን በለዘዘ እሳት ማቆየት ነው። ዘይቱ ከላይ ከተንሳፈፈ ይኸ ጥፋት አይደለም፣ ወጡ መብሰሉን ነው የሚናገረው። ከሥር የያዘ ወጥ ከሆነ ሳትፍቁ የላይኛውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ቀጭን ድስት ቶሎ ይይዛል፤ ሸክላ ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላም ስለሚፈላ ሽሮውን ትንሽ ቀጠን እያለ አውርዱት።

ለማን ይቅረብ

ለእንግዳ አይደለም። ለበዓል ዶሮ ወጥም አይደለም፤ እዚያ ላይ አዲስ ነገር መጨመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የተሻለው ቦታ በያይነቱ ነው፦ ረቡዕ ወይም ዓርብ የታወቀው ምስር፣ ጎመንና አልጫ በየቦታው ይውረድና አዲሱ ነገር በሁለት ማንኪያ ልክ ጥግ ላይ ይቀመጥ። ምንም አትናገሩ። ያ ጥግ መጀመሪያ ካለቀ መልሱ ተሰጥቷል፤ እንዳለ ከተመለሰ ደግሞ ማንም አልተራበም። 55 ቀን የሚዘልቀው ሁዳዴ ለዚህ አመቺ ነው፤ ምስርና ሽሮ ሲሰለች ሰው በራሱ አዲስ ነገር ይጠይቃል።

የቁም ሳጥኑ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉና ሳህን ከመታጠቡ በፊት ጻፉ፤ ነገ ልኩ ይጠፋል። እንዲህ ይበቃል፦

"ዓርብ። ምስር 250 ግራም። ከሙን 1 የሻይ ማንኪያ በዘይት፣ ሎሚ ግማሽ። በእንጀራ ኮመጠጠ፣ በሩዝ ልክ ነበር። ልጆቹ ጨረሱት። በሚቀጥለው ለእንጀራ ሎሚው ይቅር።"